የማያውቁትን ይጠይቁን

የሳይንስ መምህሩን ተማሪዎች «አምፖል» ይሉታል፤ መላጣው ስለሚያበራ። ከወንዝ ማዶ ሰፈር የሚመጡት፣ በቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩት ልጆች ክፍል ውስጥ ግን እንኳን ቅጽል ስም፣ ትንፋሽም አይሰማም።

እሱ ደግሞ እነሱን ሲወድ ለጉድ ነው። ርዕሰ መምህሩ፣ ልጆቹ አፋቸውን ካልፈቱ ክፍሉ ተበትኖ በየትልልቁ ክፍል ይደለደላሉ ካሉት ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። እዚያማ ኋላ ወንበር ተወሽቀው መቅረታቸው ነው።

በመምህራን ሥልጠናው አሠልጣኟ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ልጅ የሚማረው ሲጠየቅ ነው ብለውት ነበርና ጠየቀ። ውሃ ሲፈላ ምን ይሆናል? ጸጥ። ብረት ለምን ይዝጋል? ጸጥ። በጠየቀ ቁጥር ጭራሽ አንገታቸውን ይደፋሉ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት።

አሠልጣኟ ክፍሉን ሊያዩ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ጠዋት ሰሌዳ የምታጠፋውን ትንሽ ልጅ ለብቻዋ ይዞ፣ ምነው ጠላችሁኝ እንዴ አላት።

ልጅቷ ዳስተሩን እያሻሸች መለሰች።

«አንጠላዎትም፣ ጋሼ። ግን እርስዎ መልሱን ያውቁታል። ትልቅ ሰው የሚያውቀውን ሲጠይቅ እየቀለደ ነው ይባላል እኛ ቤት። መመለስ ነውር ነው።»

አንጀቱን በላችው።

አሠልጣኟ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። መምህሩ፣ ሻማ ብርጭቆ ሲደፋበት ለምን ይጠፋል ብሎ ሊጠይቅ ነበር የተዘጋጀው። ተወው። ከረጅሙ ሻማ አጠገብ ሊያልቅ የደረሰ ቁራጭ ሻማ አቆመና ሁለቱንም ለኮሰ።

«በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ብከድናቸው የትኛው ቀድሞ ይጠፋል? እውነቴን ነው፣ እኔም አላውቅም።»

አሠልጣኟ ቅንድባቸውን አነሱ። መምህር በተቆጣጣሪ ፊት አላውቅም ይላል? ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ ረጅሙ ነው አለ። የለም አጭሩ ነው አለ ጎረቤቱ። መምህሩም ከአጭሩ ወገን ቆመ፤ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ብርጭቆው ተደፋ።

ረጅሙ ቀድሞ ጠፋ።

«ጋሼ ተበሉ!» አለ ያ የኋላው፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ትንሿ ልጅ ብድግ ብላ፣ ጭስ ቤታቸውን ሲሞላው እናቷ ጎንበስ በሉ እንደምትላቸው፣ ሙቁና ክፉው አየር ከላይ እንደሚሰበሰብ አስረዳች። ሌላው አልዋጥልህ ብሎት ተከራከራት።

ጫጫታው ርዕሰ መምህሩን ከቢሯቸው አወጣቸው። በሩን ከፍተው ሊቆጡ ሲሉ አሠልጣኟ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ይተዉአቸው፣ ጌታዬ። ይኼን ክፍል የሚበትን ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል።»

ርዕሰ መምህሩ ጥቂት ሲያዳምጡ ቆዩና በሩን ቀስ አድርገው መልሰው ዘጉት።

ደወል ተደውሎም የሚወጣ ጠፋ። ልጅቷ የመምህሩን እጅጌ ያዝ አድርጋ፣ ነገስ የማያውቁት ነገር አለ ወይ አለችው።

«ሞልቷል» አላት፣ መላጣውን እያሻሸ።