በምስጋናው እሁድ የተጠራ ስም

የዓመቱ የመጨረሻ እሁድ ነው። ካጌንዶ ፖኮት አገር ወንጌል ስታስተምር ከርማ፣ የላኳትንና የሚረዷትን ሰዎች ልታመሰግን ሜሩ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያኗ ተመልሳለች። መቼም የሜሩ ሰው ሲሰጥ አይሰስትም። የሰጠው ምን እንደሠራ ግን ጥንቅቅ ተደርጎ እንዲነገረው ይፈልጋል።

«ልጃችን፣ ‹ብዙ ሰው ተረዳ› ብለሽ እንዳታልፊን!» አሏት መጋቢ ሙትዊሪ ድምፅ ማጉያውን እያቀበሏት። «ስም ስጪንና በስም እንጸልይ።»

ሆዷ ባባ። ሙዝ ሸጠው፣ ከልጆቻቸው ጉሮሮ ቀንሰው ያኖሯት እነዚህ ሰዎች ናቸው። እንዴት እምቢ ትበላቸው?

«ቼምኬት ትባላለች» አለች በስዋሂሊ። «ገና ልጅ ናት። አባቷ በከብት ለሽማግሌ ሊድራት ሲል አምልጣ እኔ ዘንድ መጣች። ይኸው በእናንተ ጸሎት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እማማ ቼፖሳይት የሚባሉ መበለት ደብቀውልኝ፣ ፊደል ቆጠረች!»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

«በስልክ የምትከታተሉንም በያላችሁበት እልል በሉ!» አሉ መጋቢው።

ካጌንዶ ክው አለች። ምሰሶው ላይ የታሰረ ስልክ ፊት ለፊቷ ያያታል። ለካ ቀጥታ እየተላለፈ ነው! የቤተ ክርስቲያኗን የፌስቡክ ገጽ ደግሞ፣ መዝሙር እንዲሰሙበት ብላ ለፖኮት ጎረምሶች ዓመቱን ሙሉ ስታሳይ የከረመችው ራሷ ናት። የቼምኬት ወንድም ሎሙሪያ ከዚያ ገጽ አይጠፋም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ምላሷን ነክሳ ብትቆርጠው በወደደች!

ልትወርድ ስትል ሴቶቹ እየዘፈኑ ከበቧት። በደህና የተመለሰን ሰው ሌሶ የሚሉትን ባለ አበባ ጨርቅ በየተራ ሳያለብሱት አይለቁትም። ሳያበቁ ጥሎ መሄድ ደግሞ እንደ እርግማን ነው የሚቆጠረው።

«ምነው እጅሽ በረዶ ሆነ?» አሏት እማማ ካይሙሪ፣ ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ የረዷት አሮጊት።

«ስልኬን ላምጣ፣ እማማ! በፈጠረዎት ይልቀቁኝ!»

«ኤዲያ! ስልኩ የትም አይሄድ፣ ይልቅ ጨፍሪልን! እናንተ፣ ይህቺ ልጅ እዚያ ባል ሳታገኝ አልቀረችም!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንድ ሌሶ፣ ሌላ ሌሶ፣ ደግሞ ሌላ። ካጌንዶ በዚያ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ ላብ አጠመቃት። ሎሙሪያ ከሚውልበት ገበያ እስከ ወፍጮ ቤቱ በሞተር ብስክሌት ምን አላት! ጌታዬ፣ ዛሬ ብቻ ሞተሩን አበላሽልኝ፣ ዛሬ ብቻ ኔትወርኩን ቁረጥልኝ እያለች በልቧ ለመነች። በመጨረሻ አላስቻላትም። የለበሰችውን ሁሉ መሬት ላይ ጥላ፣ ቦርሳዋን መንትፋ ወጣች። ከኋላዋ «ወይ ጥጋብ!» ሲሉ ሰማች።

ደወለች። አይነሳም። ደግማ ደወለች።

«አቤት ልጄ!» አሉ እማማ ቼፖሳይት። «እንዴት አምሮብሻል!»

ካጌንዶ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። «የት አዩኝ?»

«በሎሙሪያ ስልክ ነዋ! መጀመሪያማ ‹መምህርቷ ካላዘዘች ልጅቷን አላሳይህም› ብዬ በር ዘግቼበት ነበር። ኋላ አንቺኑ ሰው ሁሉ ፊት ቆመሽ ስትናገሪ አሳየኝ። ስዋሂሊ ባልሰማም ስሟንና ስሜን ስትጠሪ ሰማሁ። ‹አባታችን ይቅር ብሏታል፣ መምህርቷም ወደ ቤቷ ትመለስ እያለች ነው› ብሎ ተረጎመልኝ።»

«እና ቼምኬት?»

«አይ፣ እሷማ አልሄድም ብላ በሩን ይዛ ስታለቅስ ነበር። ‹መምህርትሽ ብላለች› ብዬ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ፣ እኔው ራሴ ሞተሩ ላይ አወጣኋት። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ? ልጄ?»

መጋቢው በበሩ ብቅ አሉ።

«ነይ እንጂ ካጌንዶ!» አሏት እየሳቁ። «ለቼምኬት ልንጸልይ አንቺን ነው የምንጠብቀው።»