የአበባ ማንጠልጠያ ቀለበቶች

ምክር ቤት የገባሁት በአማቴ ዳሌ ምክንያት ነው። አማቴ ሐፍሳ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጀልባ ዓሣ ተቀብለው ገበያ ሲያደርሱ የኖሩ ሴት ናቸው። እኛ ሰፈር ጀልባ የሚቆመው ጭቃ ላይ ነው፤ ሴቶቹ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ቅርጫቱን ያወጣሉ። ከሦስት ዓመት በፊት አማቴ አንድ ቅርጫት አምባዛ ተሸክመው ሲወርዱ ጭቃው አንሸራተታቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ዓሣው ተለቅሞ በዚያው ቀን ተሸጠ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አይሄዱም፤ ጀልባም አልወጡም።

የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው «መዲና፣ አንቺ ምላስሽ ረጅም ነው። ሂጂና የድንጋይ መውረጃ አስሠሪልን» አሉኝ። በዚህ ብቻ ተመርጬ የክፍለ ከተማችን ምክር ቤት አባል ሆንሁ።

ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። መጀመሪያ «አቅጣጫ ይቀመጥበታል» ተባልሁ። በዓመቱ ስጠይቅ «ተቀምጧል» ተባልሁ። የት እንደተቀመጠ ግን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ከዚያ ግንቦት መጣ። የመንግሥት ቢሮ ደጅ የጠና ሁሉ ግንቦትን ያውቃል። በጀት ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል፤ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ሲያዛጋ የከረመ ሁሉ በዚያ ወር ጫማው እስኪያልቅ ይሮጣል። አፈ ጉባኤያችን አቶ ኃይለ ገብርኤል ከረባታቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ ከበጀት በተረፈውና ሕዝቡ ባዋጣው ገንዘብ «ለገጽታችን የሚመጥን ዘመናዊ ፏፏቴ» እንደሚሠራ ነገሩን። የት ቢባል፣ ጣና ዳር።

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ባሕር የሚያህል ውኃ ፊታችን ተኝቶ፣ እኛ በቧንቧ ሽቅብ የሚረጭ ውኃ ልናይ ነው።

በማግስቱ ቦታ ልናይ በሁለት ሚኒባስ ወረድን። መሐንዲሱ አማኑኤል ከአዳማ ከመጣ ገና አራት ወሩ ነበር፤ ትሑት ልጅ ነው፣ ፋይሉን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይሄዳል። ከሾላው ዛፍ በታች ያለውን ሰፊ ደረቅ ሜዳ አሳየን። «ከሰማይ በተነሣው ፎቶም ባዶ ነው። ቤት የለበትም፣ እርሻ የለበትም፣ ካሳ የሚጠይቅ የለም» አለ። አቶ ኃይለ ገብርኤል በደስታ አጨበጨቡ።

ካሳ የሚጠይቅ የሌለው ቦታው ጣና የሚተኛበት ስለሆነ ነው። ክረምቱን ሞልቶ መስከረም ላይ ሾላው ሥር ይደርሳል፤ ከጥቅምት በኋላ እየሸሸ ግንቦት ላይ ያንን ሜዳ ለቅቆ ይሄዳል። የቢሮ ሰው ግን ባሕሩን ዳር ወርዶ የሚያየው በጀት ሲያሳድደው፣ በግንቦት ነው። በሌላው ጊዜ ከመዝናኛ ቦታ ወንበር ላይ ሆኖ ነው የሚያየው። እዚያ ደግሞ ግንብ ስላለ ውኃው ከፍ ይበል ዝቅ ይበል አያስታውቅም።

ልናገር አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ያ «ተቀምጧል» ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለኢብራሂም ነገርሁት። ጀልባ ሠሪ ነው፤ የጀመራትን ጀልባ እየላገ ነበር። መላጊያውን አስቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ፤ ኢብራሂም ዝም ሲል እየለካ ነው። ገመድ ይዞ ወረደ፣ ሾላው ላይ ካለው የመስከረም ውኃ ምልክት እስከ ሜዳው ወጠረና ተመለሰ።

«ውኃው እወገቤ ላይ ይደርሳል» አለኝ። «ወለሉን እስከ ደረት ከፍ ካደረጉት ጀልባ ልክክ ብሎ ይጠጋበታል።»

አማቴ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። «ማሰሪያስ? ጀልባው በምን ሊታሰር ነው?» አሉ።

በስብሰባው ቀን እጄን አወጣሁ። ተቃውሞ ጠብቀው ፊታቸውን ያጨማደዱት ሁሉ፣ ፏፏቴውን እደግፋለሁ ስላቸው ፈገግ አሉ። ሦስት ማሻሻያ ብቻ አቀረብሁ። ወለሉ ለፎቶ እንዲያምር እስከ ሰው ደረት ከፍ ይበል። የእንግዳ ጫማ አቧራ እንዳይነካው ከሾላው ጀምሮ እኩል ከፍታ ያለው የድንጋይ መንገድ ይሠራ። በባሕሩ በኩል ደግሞ ጠርዙ ላይ የብረት ቀለበት ይተከል፣ የአበባ ማንጠልጠያ።

ከአባላቱ አንዱ፣ የዘጌው ተወላጅ ጋሼ አካሉ፣ ያን ጊዜ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ዘጌ ተወልዶ ጣናን የማያውቅ የለም። በቃ፣ አለቀልኝ አልሁ። ጋሼ አካሉ ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቀለበቶቹ ወፈር ያሉ ይሁኑ» አሉ። «አበባ ይከብዳል።»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሰኔ ሃያ ስምንት ሪባን ተቆረጠ። ፏፏቴው ዐሥራ አንድ ቀን ረጨ፤ እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ውኃው ሜዳውን መሸፈን ሲጀምር ኢብራሂም የፏፏቴውን ሞተር ነቅሎ ጎተራችን ውስጥ በሸራ ጠቀለለው። መስከረም ላይ ጣና እንደ ልማዱ ሾላው ሥር መጣ፤ ወለሉ ግን አንድ ክንድ ያህል ከውኃው በላይ ቀረ። የሰፈራችን ጀልባ ሁሉ በአበባ ማንጠልጠያው ታስሮ ያድር ጀመር።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ኃይለ ገብርኤል ከረባት አላሰሩም። «ተጠያቂ ይኖራል» አሉና አማኑኤልን አስቆሙት። ልጁ «ፎቶው ላይ ደረቅ ነበር» ብቻ ይላል። ከሥራ ይሰናበት የሚል ሐሳብ ቀረበ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ጋሼ አካሉ ጣራውን ያያሉ። እኔም ጣራውን ላይ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። የሰው ልጅ ነው፤ እናት አለችው፤ አፈርሁ። ተነሣሁ።

«አማኑኤል አያውቅም ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር» አልሁ። «ባለቤቴ በገመድ ለክቶታል።»

አቶ ኃይለ ገብርኤል ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«የድንጋይ መውረጃ ብዬ ሁለት ጊዜ ተናገርሁ። ፏፏቴ ብዬ አንድ ጊዜ ተናገርሁ። በየትኛው ነው የተሠራው?»

ሞተሩ ደረቅ ቦታ እንዳለና ልከው ሊወስዱት እንደሚችሉ ነገርኋቸው። መዲና ከአባልነት ትታገድ የሚለው ሐሳብ ድምፅ ሲሰጥበት እኔም እጄን አወጣሁ። አታልዬአቸዋለሁ፤ ያ ገንዘብ የመምህሩም የሻይ ሻጯም መዋጮ ነበር፣ እነሱ ደግሞ ፏፏቴ ነው የተባሉት። ጋሼ አካሉ እጃቸውን አላወጡም። ሪህ ይዞኛል አሉ።

አማኑኤል በሥራው ቀረ። ከበሩ ውጭ ሮጦ ደረሰብኝ። «በመስከረምም ፎቶ አንሣ» አልሁት።

በማግስቱ ጠዋት ኢብራሂም እናቱን ከጓሮአችን በጀልባ ይዟቸው መጣ። እኔ ጠርዙ ላይ ቆሜ ነበር። እጄን ብዘረጋላቸው «ተይኝ» አሉ። ምርኩዛቸውን ድንጋዩ ላይ ተከሉ፣ አንድ እግራቸውን አወጡ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ሌላውን አስከተሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ። ያደረጉት ለዒድ ብቻ ከሣጥን የሚያወጡትን ነጭ ጫማ ነበር። ላዩንም ጎኑንም እያገላበጡ መረመሩት።

«አልረጠበም» አሉኝ። ከዚያ የዓሣውን ቅርጫት ከጀልባው አንሥቼ እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ።