ሳትታይ የመጣች መኪና

መካኒኩ ሐጎስ ጋራዡ ውስጥ መኪናዋን በክሪክ አነሳና ከስሯ ገባ። የካቻቢቴውን ጫፍ ወለሏ ላይ ቢያሳርፈው እስከ እጀታው ሰመጠ።

ኑሰይባ ጎንበስ ብላ እያየች ነበር። መጀመሪያ የደረቀ ስቱኮ እንደ ዱቄት ረገፈ፤ ቀጥሎ የዛገ ቆርቆሮ ወደቀ፤ ከቆርቆሮው ጀርባ ደግሞ ተጠቅጥቆ የኖረ የዓረብኛ ጋዜጣ ተጎልጉሎ ወጣ።

«ይቺ ልጅ ወለል የላትም» አለ ሐጎስ ከስር ሆኖ። «ይዟት የመጣው ቀለሟ ነው።»

ኑሰይባ የረገፈውን ስቱኮ በጣቶቿ አሸት አደረገችው። ጆሮ ግንዷ ሲግል ተሰማት።

ሥራዋ ይሄው ነው። ባምቢስ አካባቢ፣ ከአንድ የሒሳብ ባለሙያ ጋር በተከራየችው ጠባብ ቢሮ ተቀምጣ፣ ሰው የረሳቸውን የድሮ ስፖርት መኪኖች ከባሕር ማዶ ትፈልጋለች። ከሻርጃ፣ ከጃፓን፣ ከጣሊያን። ቀረጡ ከመኪናው ዋጋ ስለሚበልጥ መኪናው ራሱ ርካሽ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ያማሩትን ሳይሆን የተጣሉትን ታድናለች። ባለቤቱ ሞቶ ልጆቹ ላይ ቦታ ያጣበበውን፣ ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሎ ግቢ ውስጥ አቧራ የሚጠጣውን። ሞተር ከሞተ ሌላ ሞተር ይገባል። ቦዲው የበሰበሰ መኪና ግን በነጻ ቢሰጣትም አትወስድም። ለዚህም ነው ከመግዛቷ በፊት የግድ ሰው ሄዶ፣ ከመኪናው ስር ተኝቶ፣ በእጁ ዳስሶ ማየት ያለበት። ሻርጃ ላይ ያ ሰው የአክስቷ የዙለይካ ልጅ ኢብሮ ነበር።

መኪናዋ የተገዛችው ለእትዬ ልዩ ነው። እትዬ ልዩ ካዛንቺስ ተወልደው ያደጉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጡረታ የወጡ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው። ወጣት ሳሉ የታላቅ ወንድማቸውን ባለ ሁለት ወንበር ፊያት ስፓይደር፣ ቁልፉን እየሰረቁ፣ ጣሪያዋን ገልጠው እስከ ደብረ ዘይት ይነዷት ነበር። ወንድማቸው ሲደርስባቸው «ሴት ከምትጫወትባት ትሸጥ» ብሎ ሸጣት። እትዬ ልዩ ይህን ሲያወሩ ዛሬም ይቆጣሉ። ልጆቻቸው በባትሪ የምትሄድ ትንሽ መኪና እንግዛልሽ ቢሏቸው «እሷን እናንተው ንዷት» ብለው መለሱላቸው።

ኑሰይባ ወራት ፈልጋ ሻርጃ ላይ ነጣ ያለች ቢጫ ስፓይደር አገኘች። ኢብሮም በድምፅ መልእክት «አብሽሪ ኑሲ፣ ወላሂ ራሴ ስሯ ተኝቼ አይቻታለሁ፤ ወለሏ እንደ መርከብ ነው» አላት። እሷ ደግሞ ለእትዬ ልዩ «ታይታለች» አለቻቸው። መኪናዋ ጅቡቲ ደርሳ ወደ አዲስ አበባ በተጫነች ሰሞን የቤንዚን መኪና ማስገባት ተከለከለ። እንግዲህ ይቺ ካልሆነች ሌላ የለችም ማለት ነው።

ኢብሮ ስልክ አያነሳም። ደግሞ ሩቅ ቢሆን ባልከፋ፤ ለእህቱ ለአፍራህ ሠርግ መጥቶ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ እናቱ ቤት ነው ያለው። ኑሰይባ ታክሲ እስኪሞላ የምትጠብቅበት ልብ አልነበራትም። ከጋራዡ በእግሯ ወረደች። ደረጃውን ስትወጣ የስቱኮው ብናኝ ገና ከጣቶቿ አልረገፈም።

ሳሎኑ በሠርግ ዕቃ ተጨናንቋል። ኢብሮ አዲስ ጀለቢያ ለብሶ፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል።

«ስሯ ተኝተህ ያየኸው ምንድን ነው?» አለችው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ኧረ ኑሲ! መጀመሪያ ግቢ እንጂ።»

«የፊያቷን ወለል ነው የምልህ። ምኑን አየኸው?»

ኢብሮ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ማለቴ... ፎቶው ላይ እኮ አሪፍ ነበረች።»

«ፎቶ አልጠየቅሁህም!»

«በቃ፣ የሻጩ ሰውዬ ግቢ ከከተማ ውጪ ነው። ወሩ ደግሞ ነሐሴ! የዚያን አገር ሙቀት አንቺ አታውቂውም። እሱ የላከልኝን ፎቶ ላክሁልሽ። አሮጌ መኪና አይደለች? ትንሽ ዝገት መቼም አይጠፋም።»

«ወላሂ ብለህ ነው የማልክልኝ። በአላህ ስም!»

አክስት ዙለይካ እጃቸውን እየጠራረጉ ከማድ ቤት ወጡ። «ምንድን ነው ይሄ ጩኸት? የሠርግ ቤት እኮ ነው! ለአንድ ቁራጭ ብረት ብለሽ ወንድምሽን ሰው ፊት ልታዋርጂው?»

«አክስቴ፣ ብረት ብቻ አይደለችም። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኟት ናት።»

ኢብሮ እናቱ ሲመጡለት ልቡ ሞላ መሰል፣ ሳቅ አለ። «አንቺ ደግሞ አታካብጂ! የሰባ ምናምን ዓመት አሮጊት ናት እኮ። መቼ ልትነዳት ነው? በር ላይ አቁማ ትያት። ቀለሟ እንደሆነ ፏ ያለ ነው።»

ኑሰይባ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት አክስት ዙለይካ ቀደሟት።

«ምን አልክ?»

ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። እሳቸውም ሰባን የዘለሉ ናቸው። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ መርካቶ ጨርቅ እየነገዱ ነው እሱንም እህቱንም ያሳደጉት፤ ዛሬም ሱቁን ለማንም አልለቀቁም።

«አይ እማ፣ ማለቴ አንቺን ሳይሆን...»

«እኔንም በር ላይ አቁመህ ልታየኝ ነው? አሮጊት ምን ያደርግላታል፣ አይደል? ተነስ!»

«የት?»

«ጀለቢያህን አውልቅና ያላየኸውን ሄደህ እይ።»

«እማ፣ አሁን? ሠርግ እኮ...»

«ተነስ ብዬሃለሁ!»

ሦስቱም ወደ ጋራዡ ሲሄዱ ኑሰይባ መንገድ ላይ ለእትዬ ልዩ ደወለችና ጋራዥ እንዲመጡ ነገረቻቸው። መደበቅ ትችል ነበር። ለሐጎስ ነግራ ወለሉን በስቱኮ አስደፍና፣ ቀለም አስቀብታ ማስረከብም ትችል ነበር። ሐሳቡ ራሱ ሽው ሲልባት ይብስ ነደደች።

ሐጎስ ካርቶን አነጠፈለትና ኢብሮ ከስር ገባ። ሲወጣ ፀጉሩና ሸሚዙ ዝገት ለብሷል። እትዬ ልዩ ዱላ ሳይዙ፣ ቀጥ ብለው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ንገራቸው» አሉት አክስት ዙለይካ።

«ማዘር... ወለል የላትም። ሳላያት ነው አይቻታለሁ ያልኩት። ዋሽቼ ነው።»

እትዬ ልዩ አየት አድርገውት «አንተን አላውቅህም» አሉት። ከዚያ ወደ ኑሰይባ ዞሩ። «እኔ የማውቀው አንቺን ነው። ታይታለች ያልሽኝ አንቺ ነሽ። በማን ዓይን እንደታየች አልነገርሽኝም።»

ኑሰይባ ኢብሮን አየችው። «እሱ እኮ ነው» ልትል ቃጣትና ዋጠችው።

«አልነገርኩዎትም» አለች። «ገንዘብዎን እመልሳለሁ።»

«ገንዘብ ጠየቅሁሽ? ወንድሜም ሲሸጣት ‹ከገንዘቡ ላካፍልሽ› ብሎኝ ነበር!» እትዬ ልዩ ፊታቸው ቀላ። «ሐጎስ፣ ወለሉ ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

«መሠራቱን ይሠራል እትዬ። ግን የበሰበሰው በሙሉ ተቆርጦ ወጥቶ፣ በአዲስ ላሜራ ነው የሚበየደው። ጣጣው ብዙ ነው። ዓመት ይፈጃል።»

«ዓመት አለኝ» አሉ እትዬ ልዩ። «የለሽም የሚለኝ ካለ እዚሁ ይንገረኝ!»

ኢብሮ መሬት መሬቱን ያያል። አክስት ዙለይካ ብቻ «ልክ ነዎት እቴ» አሉ።

የወለሉን ሥራ ወጪ ኑሰይባ ራሷ ቻለች። እትዬ ልዩ እምቢ አላሉም፤ ይቅር ብዬሻለሁ ብለውም አልነገሯት። ጋራዥ ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ላሜራው ውፍረትና ስለ ብየዳው ብቻ ነው። ኑሰይባ ይህን ቀን ችላ ውላ፣ ማታ ቤቷ ገብታ በኢብሮ እንደ አዲስ ትቃጠላለች።

ከሠርጉ አልቀረችም፤ አፍራህ ምን በደለቻት። ሙሽራዋን ስማ ስትመለስ ኢብሮ መንገድ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋላት።

«ኑሲ፣ በቃ ይለፍ። ዛሬ እንኳ...»

እጁን አየችው። ከዚያ ሽቅብ ፊቱን አየችውና በጎኑ አልፋው ሄደች። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

አክስት ዙለይካ ከሴቶቹ መሃል ሆነው ይህን አይተዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱንም ጎትተው ካላስታረቅሁ ይሉ ነበር። አሁን ግን ወደ እንግዶቻቸው ዞሩ።