የአናጢው ጀርም

አናጢው ከተቀበረ ቆይቷል። የገደለው ጀርም ግን እዚያው ሰውየው በሞተበት ሆስፒታል ምድር ቤት፣ በመስታወት ሳህን ላይ፣ የፈረስ ደም እየተቀለበ ይኖራል። ቀላቢዋ ወርቅውሃ ናት፤ ጀርሙንም በሟቹ ስም «አናጢው» ትለዋለች። ከአዲስ አበባ በስኮላርሺፕ ስቶክሆልም መጥታ፣ የሆስፒታል ባክቴሪያ መድኃኒትን እንዴት እንደሚለምድ ታጠናለች። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ጀርሙን ሳህን ላይ ትዘራለች፣ መድኃኒት የጠጣ ትንሽ ክብ ወረቀት መሀሉ ላይ ታስቀምጣለች፣ በማግሥቱ ታያለች። መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቱ ዙሪያ ጀርም የማይደፍረው ባዶ ቦታ ይቀራል።

አናጢው መጀመሪያ የሚፈራቸው መድኃኒቶች ነበሩ። ወርቅውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመረች አለማመደችው። ባዶው ቦታ እየጠበበ ሄደ። አንድ ጠዋት ሳህኑን ስትከፍት፣ ወርቃማው ጀርም ወረቀቱ ድረስ መጥቶ ጫፉ ላይ ወጥቶበት አገኘችው።

«ቁርሱን ጨርሶ ወንበሩን ጀመረ» አለች ጥናቷን ለሚመሩት ፕሮፌሰር።

ፕሮፌሰሩ አልሳቁም። ስዊድን አገር ቀልድም ቀጠሮ ይፈልጋል።

በዚያው የበረዶ ወራት ጋሼ ወልደ አማኑኤል ፋርስታ በሚባል የከተማው ሰፈር፣ አዲስ በተከፈተው የገበያ ማዕከል ደጃፍ፣ በረዶው አንሸራቷቸው ወደቁ። ጋሼ የድልድይ ሥራ ሊማሩ የተላኩ መሐንዲስ ናቸው፤ የወርቅውሃ አባት «አደራ፣ እንደ እኔ እያቸው» ብለው ያስረከቧት ሰው። የእግራቸው አጥንት ቆዳ ቀዶ ወጥቶ ነበር። ኦፕራሲዮን ተደርገው ከምድር ቤቱ በላይ፣ እዚያው ሆስፒታል ተኙ።

«ተራራ ሰንጥቄ መንገድ ያወጣሁ ሰው፣ የሱቅ ደጃፍ ይጣለኝ?» ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ።

አደራ አደራ ነው። ወርቅውሃ ሥራዋን ስትጨርስ እጇን ታጥባ፣ ጋዋኗን ሰቅላ ትወጣለች። ጉንጫቸውን አገላብጣ ትስማለች። ትራሳቸውን ታስተካክላለች፣ የታሰረውን እግር ዳበስ ታደርጋለች፣ ከዚያ የተፈጨ ድንች ከተድቦለቦለ ሥጋ ጋር ታጎርሳቸዋለች። የክፍሉ ነርስ ሲስተር ጉንቮር በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

«የተሰበረው እግራቸው አይደለም?» አለች አንድ ቀን።

«ነው።»

«እጃቸውስ ደህና ነው?»

«በጣም ደህና ነው።»

ሲስተር ጉንቮር ነገሩን ለመረዳት ሞከረች፤ ከዚያ ትታው ሄደች። ጋሼ ምን እንዳለች ጠየቁ፤ ወርቅውሃ ነገረቻቸው።

«ምስኪን፤ የሚያጎርሳት የላትም» አሉ አፋቸውን እየከፈቱ።

ሳይቆይ ቁስሉ አመረቀዘ። ትኩሳት ያዛቸው። ፔኒሲሊን ተወጉ፣ ሌላም ተወጉ፤ ውሃ የወጓቸው ያህል ነበር። የመግሉ ናሙና ምድር ቤት ወርዶ ወርቅውሃ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ዘራችው። በማግሥቱ ሳህኑን ስትከፍት ወርቃማ ሆኖ፣ ወረቀቱ ላይ ወጥቶ ጠበቃት። ሰው ቤቱ ገብቶ፣ የቀበረውን ዘመድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢያገኘው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

ላለማመን ታገለች። ባክቴሪያ የሚበሉ ቫይረሶችን በየዓይነታቸው ጠብ ጠብ አደረገችበት፤ የትኛው ጠብታ እንደሚበላው፣ የትኛው እንደማይነካው፣ የጀርም የጣት አሻራ ማለት ነው። አሻራው የአናጢው ሆነ። መድኃኒቱን እንዲያ የለመደው አናጢ ደግሞ በዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ የእሷ ሳህን ላይ።

ይህ ጀርም ሳያሳምም በሰው አፍንጫ ውስጥ ይኖራልና፣ የክፍሉ ሰው ሁሉ አፍንጫ በጥጥ ተጠረገ፤ ሐኪሙ፣ ነርሶቹ፣ ወለል የምትወለውለው ሴት። ንጹሕ። ጋሼን ሊጠይቁ የሚመጡት ያገር ልጆችም ተሰልፈው አፍንጫቸውን ሰጡ።

«እግረ መንገድሽን ጉንፋኔንም ውሰጂልኝ» አለች ከበደች የምትባል ተማሪ።

እነሱም ንጹሕ።

«ማን ቀረ እንግዲህ?» አለች ወርቅውሃ፣ ጥጡን እንደያዘች።

ሲስተር ጉንቮር አየቻት። ማየቱንም አላቆመችም።

ወርቅውሃ ጥጡን ወደ ራሷ አፍንጫ አስገባችው። በማግሥቱ ሳህኑ ላይ የነበረው አናጢው ነው።

አላመማት፣ አላስነጠሳት። መጥፎ ሕልም እንኳ አላሳያት። ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ምድር ለምድር በሚሄደው ባቡር ውስጥ፣ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ሕፃኑ ሳቀላት። ወርቅውሃ ትንፋሿን ያዘች። ባቡሩ ሲቆም ወርዳ፣ የቀረውን መንገድ በበረዶው ላይ በእግሯ ሄደች። ከአፏ የሚወጣውን ነጭ እንፋሎት ዓይኗ አልለቅ አለው። ለአንድ ሰው ትንፋሽ በዛባት።

አፍንጫዋን የምትቀባው ቅባት ሰጧት፤ ከጀርሙ እስክትጠራ ድረስም በሽተኛ ያለበት ክፍል እንዳትገባ ከለከሏት። ጋሼ ለብቻቸው ክፍል ተዛወሩ። እሷ ኮሪደሩ ላይ፣ ከተከፈተው በር ራቅ ብላ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው።

ጋሼ ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው ሰሟት።

«እንግዲህ ልጄ ያመጣችው ከሆነ የዘመድ ጀርም ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይራራልኛል።»

አልራራም። ሐኪሙ እግሩ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ ጀርሙ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ይገድላቸዋል አለ። ፈቃዳቸውን ጠየቀ።

«ወርቅውሃን ጥሩልኝ» አሉ ጋሼ።

«አለሁ ጋሼ» አለች ከኮሪደሩ።

«ግቢና እጄን ያዢኝ። ከዚያ የፈለጉትን ይቁረጡ።»

«አልችልም። ገና አልጠራሁም።»

«እንግዲያው አይቆረጥም። ሰው አጠገቡ ዘመድ ሳይኖር እግሩን አይሰጥም።»

«ይሞታሉ እኮ!»

«እሱን ለእኔ ተዪው።»

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ወርቅውሃ ወደ ሲስተር ጉንቮር ዞራ በስዊድንኛ ቀስ ብላ አንድ ነገር ነገረቻት። ጉንቮር እብድ እንደሚታይ አየቻት። ከዚያ እጇን ታጥባ ገባች። ትኩሳቱ የጋሼን ዓይን ጨፍኖታል። ነርሷ አልጋው ጎን ተቀምጣ፣ ሊሰበር የሚችል ዕቃ የሰጧት ይመስል፣ እጃቸውን ያዘች።

«ይኸው መጣሁ ጋሼ» አለች ወርቅውሃ ከኮሪደሩ።

ጋሼ የተሰጣቸውን እጅ ጨበጥ አደረጉት።

«እጅሽ ቀዝቅዟል።»

«ውጭ በረዶ ነው።»

«ድምፅሽስ ምነው ራቀ?»

«እያለቀስኩ ነው» አለች። ይቺ እንኳ እውነት ነበረች።

ጋሼ በአውራ ጣታቸው መዳፉን ዳበሱት፤ በሳሙና ብዛት የሻከረ፣ ሰፊ መዳፍ ነው። ኮሪደሩ ላይ ወርቅውሃ የገዛ መዳፏን አንድ ሰው የዳበሰው መሰላት። ወደታች አየች። ማንም አልነበረም።

«ይሁን» አሉ ጋሼ። «ይቁረጡ።»

አልጋውን እየገፉ አወጡት። ጉንቮር እጃቸውን ሳትለቅ አብራ ሄደች፤ እንዴት እንደሚለቀቅ ያልነገሯት ትመስላለች። ወርቅውሃ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ፣ ትንፋሿን ይዛ አሳለፈቻቸው። ጋሼ ዓይናቸውን አልገለጡም። ሊፍቱ ጋ ሲደርሱ ግን ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ታክ፣ ሲስተር» ብለው በስዊድንኛ አመሰገኑ።

የሊፍቱ በር ተዘጋ።