ያልተሰበሩት ሃርድ ዲስኮች

ሕመምተኛ ለሐኪሙ የሚናገረው ሁሉ አደራ ነው። ያን አደራ እንዲጠብቅ ደመወዝ እየተከፈለው መልሶ የሚቸረችር ሰው ከኪስ አውላቂ የከፋ ወንጀለኛ ነው፤ ኪስ አውላቂ የወሰደው ይተካል፣ የተዘረፈ ስም ግን አይተካም። እንዲህ ያለው ሰው በሙያው ቢመካ፣ በአለቃው ቢከለል፣ ከቅጣት እንደማያመልጥ የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

"ማን ነው የነገራቸው? አንቺ ነሽ ወይስ ያቺ ካርድ የምታወጣው ልጅ? ዛሬ ሳትነግሪኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!"

ሠርኬ ይህን የምትጮኸው ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ፣ በአስተዳዳሪዋ በሲስተር ጽጌሬዳ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ነበር። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ነው የመጣችው። ምን አለሽ ተራ ውስጥ፣ በሸራ በተከለለች ጠባብ ቤት፣ ለብረት ቀጥቃጮች ምሳ እያበሰለች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ባለፈው ዓመት በዚሁ ክሊኒክ ስትመረመር በደሟ ውስጥ የጉበት ቫይረስ ተገኘ። በሽታው በምግብ እንደማይተላለፍ ሐኪሙ ስላረጋገጠላት ሥራዋን አልተወችም፤ ክትትሏንም አላቋረጠችም። ለገዛ እህቷ ግን ትንፍሽ አላለችም ነበር። አሁን ተራው ሁሉ አውቆታል።

"ተቀመጪና ንገሪኝ፣ እህቴ" አለች ጽጌሬዳ።

"አልቀመጥም! ትናንት የሚበላው ሰው ጠፍቶ ሽሮው እንዳለ ተደፋ። ዛሬ ደግሞ ሳዳም የሚባለው በርሜል ቆራጭ ሳህንና ብርጭቆውን ከቤቱ ይዞ መጣ። 'ሠርኬ፣ ቫይረሱን በጭልፋ አውጪልኝና ወጡን ብቻ ጨምሪልኝ' አለኝ። ያ ሁሉ ወንድ ሳቀ። ታመው ሲተኙ አጥሚት አፍልቼ የወሰድኩላቸው ሰዎች ናቸው እኮ!"

ጽጌሬዳ መጀመሪያ የተሰማት ኀፍረት ነበር፤ ቁጣው የመጣው ኋላ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ነርሶችን "የሕመምተኛ ነገር ከዚህ በር አይወጣም" እያለች ስትቆጣ የኖረች ሴት ናት።

"ወሬው ከየት ተነሣ አሉሽ?"

"ከፈርሀት ሱቅ። ያ ፊልም የሚጭነው።"

"ተነሺ፣ እንሂድ።"

ፈርሀት በጠባብ ሱቁ ውስጥ ለደንበኞች ፊልምና ሙዚቃ በፍላሽ እየጫነ፣ ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮችንም እየገዛ የሚሸጥ ወጣት ነጋዴ ነው። ሁለቱን ሴቶች ሲያይ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናቴ? ወሬ እኮ መርካቶ ውስጥ ባለቤት የለውም።"

"ይኼኛው ባለቤት አለው" አለች ጽጌሬዳ። "ወይ ለእኔ ትነግረኛለህ፣ ወይ ለፖሊስ።"

ፈርሀት ትንሽ አቅማማና ተናገረ። ሙናዊር የተባለ ደንበኛው ከዚሁ ሱቅ በገዛው ሃርድ ዲስክ ላይ የሠርጉን ቪዲዮ አስቀምጦ ነበር፤ የወንድሙ ልጆች ሲነካኩ አጠፉበት።

"'ሚስቴ ትፈታኛለች፣ መልስልኝ' ብሎ ለመነኝ። የጠፋ ነገር የሚመልስ ፕሮግራም አለኝ፤ አስነሣሁት። ሠርጉ መጣ። ግን ከሠርጉ በፊት እዚያው ላይ የነበረውም አብሮ መጣ። የናንተ ክሊኒክ ሕሙማን፣ ስማቸው፣ ስልካቸው፣ የደም ውጤታቸው። ተሠርዟል የተባለው ሁሉ ለካ ከሥር ተኝቶ ነበር።"

"ከዚያስ? ዘጋኸው?"

ፈርሀት አንገቱን ደፋ። "ልጆች ነበሩ ሱቅ ውስጥ። ሳዳም ስሟን አየና... ትንሽ ተሳሳቅን። ወላሂ እዚህ ይደርሳል አላልንም።"

"ተሳሳቃችሁ?" አለች ሠርኬ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። "በእኔ ጉበት?"

"ዲስኩን ከማን ገዛኸው?" አለች ጽጌሬዳ።

"ከራሳችሁ ሰው ነዋ። ከውብሸት።"

ውብሸት የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች በአዲስ ሲተኩ፣ የሕሙማን መረጃ ያለባቸውን ዲስኮች አስቀጥቅጦ ከጥቅም ውጭ እንዲያደርግ ኃላፊነቱን ወስዶ፣ ለዚሁም ተጨማሪ ክፍያ ተቀብሏል። ሲሰባበሩ ቆማ እንድታይ የታዘዘችው ጽጌሬዳ ነበረች። ያን ዕለት ክሊኒኩ በሕሙማን ተጨናንቆ ስለነበር አልሄደችም፤ ማታ ውብሸት የተጨራመቱ ብረቶችን ፎቶ በስልኳ ሲልክላት አይታ "እግዚአብሔር ይስጥህ" ብላ አለፈች። ፎቶዎቹ አሁንም ስልኳ ውስጥ አሉ፤ ሠርኬ አየቻቸውና ምን አለሽ ተራ ያለ የምድጃ ሠሪ ቦታ መሆኑን ለየች።

ምን አለሽ ተራ ሲደርሱ የመዶሻው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ የሚሠራው ጋሽ ጠሃ የሠርኬ የቆየ ደንበኛ ነው፤ ሲያያት ከመቀመጫው ብድግ አለ። ጽጌሬዳ ስልኳን ሰጠችው።

"ጋሼ፣ ይህ እርስዎ ዘንድ የተነሣ ነው?"

ሽማግሌው ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙሮ አየ። "መዶሻዬም እኮ አብሮ ይታያል። አንድ ልጅ ይህችን አምጥቶ 'ሰባብርልኝ' አለኝ፤ ሰባበርኩለት። ከዚያ እሱ አንዴ አፈር ላይ፣ አንዴ ብረት ላይ፣ አንዴ ከረጢት ላይ እየገለበጠ ፎቶ ሲያነሣ ዋለ። ሙሽራ የሚያነሣ ነው የሚመስለው።"

"ይህችን? አንዷን ብቻ?"

"አንዷን። ሌሎቹ ከረጢት ውስጥ ነበሩ። 'አምጣቸው ልጨርስልህ' ስለው 'እነሱ ደህና ናቸው፣ ይሸጣሉ' አለኝ። እዚህ ተራ ደህና ዕቃ በመዶሻ የሚመታ እብድ የለምና እውነቱን ነው አልኩ። የሰው ገበና እንዳለበት ማን ነግሮኝ?"

ጽጌሬዳ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። በሁሉም ላይ ያው የተቆለመመ ጠርዝ፣ ያው ግማሹ የተላጠ ወረቀት ይታያል። አንድን የተጨፈለቀ ብረት እያገላበጠ የብዙ አስመስሎ አሳይቷታል፤ እርሷም አምናዋለች። ከንዴቷ ግማሹ በራሷ ላይ ነበር።

ወደ ክሊኒኩ ሲመለሱ ውብሸት በክሊኒኩ ባለቤት በዶክተር አዲስዓለም ቢሮ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ፈርሀት ደውሎ አስጠንቅቆታል።

"ሲስተር፣ ምንድን ነው ይህ ሁሉ ግርግር?" አለ ፈገግ ብሎ። "ሁሉንም ፎርማት አድርጌያቸዋለሁ። ባዶ ዕቃ ነው የሸጥኩት።"

"ባዶ ከነበረ የዚች ሴት ደም ውጤት ከየት መጣ?"

"ያ እንግዲህ የፈርሀት ጥፋት ነው። ማን ቆፍር አለው?"

"እንድትሰብራቸው ተከፈለህ እንጂ እንድትሸጣቸው ማን አለህ?"

"ደህና ዕቃ በመዶሻ መምታት ያሳዝናል፣ ሲስተር። ደሃ አገር ላይ ነው ያለነው።"

ሠርኬ ሽርጧን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ አፍጥጣ አየችው። "ለብረቱ አዘንክለት! እኔን ግን በቁሜ ሸጥከኝ።"

ውብሸት ወደ ሻዩ አቀረቀረ። ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወይዘሮ ሠርኬ፣ የደረሰብዎትን ክሊኒኩ ይክሳል። ነገሩ ወደ ውጭ ከወጣ ግን ሌሎቹም ሕሙማን ይደነግጣሉ፤ ይህ ቤት ይዘጋል። ሲስተር፣ አንቺም ብትሆኚ ቆመሽ እንድታዪ ታዘሽ አልሄድሽም። ውብሸት ሲጠየቅ አንቺም ትጠየቂያለሽ። ስለዚህ እዚሁ በመካከላችን እንጨርሰው።"

እንዲህ ያለ ምክር በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማል። ጥፋትን መሸፈን ቤት እንደ መጠበቅ ተቆጥሮ፣ የተበደለው ሰው ጥቂት ገንዘብ ተሰጥቶት ዝም እንዲል ይደረጋል፤ በዳዩ በነጋታው ያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጽጌሬዳም ለአፍታ ተፈትናለች፤ ጡረታዋ ሩቅ አልነበረም።

"በዲስኮቹ ላይ ያለው የሠርኬ ስም ብቻ አይደለም" አለች በመጨረሻ። "የቀሩት በማን እጅ እንዳሉ አናውቅም። ዛሬ ዝም ካልን ነገ የሌላዋ ሴት ሽሮ ይደፋል። ልጠየቅ።"

"ሲስተር፣ በስሜት አትወስኚ!"

"በስሜት አይደለም፣ ዶክተር። እጅግ ተናድጃለሁ፤ ግን የምናገረውን አውቃለሁ።" ወደ ሠርኬ ዞረች። "ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። መጀመሪያ እኔ ቃሌን እሰጣለሁ፤ ሳላይ እንዳለፍኩ። ያንቺን አቤቱታ ከዚያ ይቀበሉሻል።"

ሠርኬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጽጌሬዳ ውኃ አጠጥታት፣ ደግፋ አስነሥታት ወጡ።

ፖሊስ ፈርሀት ሱቅ ውስጥ ያልተሸጡትን ዲስኮች ሰበሰበ፤ ከገዢዎችም አንዳንዶቹን አስመለሰ። ሁሉም ግን አልተገኙም። የተገኙት ማስረጃነታቸው ካበቃ በኋላ በፖሊስ ፊት ተበስተው ተቀጠቀጡ፤ በዚህ ጊዜ ጽጌሬዳ የመጨረሻው ብረት እስኪደቅ ቆማ አየች። ክሊኒኩ ለሕሙማኑ ሁሉ እየደወለ የሆነውን እንዲያሳውቅ፣ ሠርኬንም እንዲክስ ተገደደ። ከሠርኬ ደንበኞች የተመለሱት ግማሾቹ ናቸው። ጽጌሬዳ ኃላፊነቷን ባለመወጣቷ ከአስተዳዳሪነቷ ተነሥታ ወደ መርፌ ክፍል ተዛወረች፤ ቅሬታ አላቀረበችም። ፈርሀት የሰውን ምስጢር መሳለቂያ በማድረጉ የገንዘብ ቅጣት ተጣለበት።

ውብሸት በፍርድ ቤትም "ባዶ መስሎኝ ነው" አለ። ዳኛው ፎቶዎቹን በተርታ አስደርድረው ካዩ በኋላ፣ ጥፋት መሆኑን የማያውቅ ሰው አንዱን ብረት ደጋግሞ ለማንሣት ምክንያት እንደሌለው ተናገሩ። በማታለልና ምስጢርን አሳልፎ በመስጠት ጥፋተኛ ተብሎ ሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ከሽያጩ ያገኘውም ተወረሰ። ይግባኝ ጠይቆ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅጣቱን አጸናው። ውብሸት አሁን ወህኒ ቤት ነው።