ባዶ የቀረ ፍሬም ሁሉ የእኔ

በዚህ ከተማ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ብዙ ነው፤ ፎቶ አንሺ ግን እኔ አንድ ብቻ ነኝ። ይህን የምለው ራሴን ለማወደስ አይደለም። ራስን ማወደስ አልወድም፤ ጊዜም የለኝም። ካሜራ ስይዝ ፀሐይ ራሷ ፈቀቅ ብላ ቦታዋን ታስተካክላለች። የጉርድ ፎቶ አንስቼው ከማማሩ የተነሳ ድንበር ላይ «ይህ አንተ አይደለህም» ተብሎ የተመለሰ ደንበኛ አለኝ። ሰውዬው ጉዞው ቢቀርበትም እስከ ዛሬ ያመሰግነኛል፤ ፎቶውንም አስፍቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል።

እንዲህ ያለሁት ሰውዬ በአማቴ አልበሞች ውስጥ የለሁም።

የለሁም ስል የምሬን ነው። አማቴ ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህርት ናቸው። የመጻሕፍት መደርደሪያቸው የታችኛው ረድፍ ከዳር እስከ ዳር አልበም ነው። እዚያ ውስጥ ልጆቻቸው አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው አሉ፤ የጎረቤት ድመት እንኳ አለች፤ ያውም ከፊት ለፊትም ከጎንም ተነስታ። እኔ ግን ቤተሰቡ በተሰበሰበ ቁጥር አማቴ ጣታቸውን ወደኔ ቀስረው «አንተ ካሜራውን ያዝ» ስለሚሉኝ ሁልጊዜ ከወዲያኛው በኩል ነኝ። በራሴ ሠርግ እንኳ የተቀጠረው ባለሙያ መብራቱን እያበላሸ ሲያቃጥለኝ ካሜራውን ነጥቄ ሙሽራዋን ብቻዋን አነሳኋት። ድንቅ ፎቶ ነው። ያየው ሁሉ ባሏ ማን እንደሆነ ይጠይቃል።

ታዲያ ለአማቴ ሰማንያኛ ዓመት ልደት ልጆቻቸው አልበም ሊያሠሩላቸው ሲመክሩ፣ እሳቸው ቁርጡን ተናገሩ።

«መደርደሪያዬ ሞልቷል። የቀረኝ የአንድ አልበም ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ አልበም የሚያመጣልኝ ሰው መደርደሪያም ተሸክሞ ይምጣ» አሉ።

የመጨረሻው አልበም! እዚህ ውስጥ ካልገባሁ አለቀልኝ፤ ወደፊት የሚወለዱት ሁሉ ዘራቸው ከካሜራ ማቆሚያ የመጣ ይመስላቸዋል። እዚያው ቁጭ ባልኩበት ማልኩ፦ ሰማይ ዝቅ መሬት ከፍ ቢል እገባለሁ።

የአልበሙን ነገር የያዘው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። እኛ ቤት «ኮሚቴው» ነው የሚባለው፤ አምፖል ለመቀየር እንኳ ሰብሳቢና ጸሐፊ ያስመርጣል። እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ገጽ በኮምፒውተር ያዘጋጅና አንድ ላይ ታትሞ ይጠረዝ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ራሱ ደገፈው፤ አለፈ።

«እንደሱ ከሆነማ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ልብ በልብ አድርጎት ይመጣና የሱቅ ማስታወቂያ ይሆናል» አልኩ። «ቴምፕሌት ያስፈልጋል።»

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ?» አለች ነርሷ፣ የባለቤቴ ታናሽ እህት።

«ልብስ ሰፊ የሚያስቀምጠውን የቅድ ወረቀት አይተሽ የለ? አንዴ ይቆረጣል፣ ከዚያ በሱ መቶ ቀሚስ ይወጣበታል። ይሄም እንደዚያው ነው። ጀርባው፣ ፍሬሙ፣ ጥላው፣ የጽሑፉ ቦታ ተሠርቶ ይቀመጣል። እናንተ ፎቶ መክተት ብቻ ነው። ለሌላ ድግስም እንደገና ትጠቀሙበታላችሁ፤ የልጅ ልጆቻችሁም ይጠቀሙበታል።»

«አስቸጋሪ ነው?»

«ለሌላ ሰው የወር ሥራ ነው። ለእኔ ከምሳ በኋላ የሚያልቅ።»

ባለቤቴ ሳቋን ለመዋጥ ውሃ ጠጣችና ትን አላት።

ስቱዲዮዬ ገብቼ ከመጋረጃው ጀርባ ኮምፒውተሬ ፊት ተሰየምኩ። ሙያውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ሲያስረዱኝ ባልወድም ማስረዳት እወዳለሁ። በፎቶሾፕ የተሠራ ገጽ ሲያዩት አንድ ወረቀት ይምሰል እንጂ እንደ መስተዋት ስስ ሆነው የተነባበሩ ብዙ ወረቀቶች ናቸው፤ ሌየር ይባላሉ። ከሁሉም ሥር ጀርባው ይነጠፋል። በላዩ ላይ ፍሬሞቹ ይደረደራሉ። በየፍሬሙ ላይ ፎቶ ይመጣና ከፍሬሙ ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ፎቶው የቱንም ያህል ቢሰፋ ከፍሬሙ ቅርጽ ያለፈው አካሉ አይታይም። ፎቶውን ብትለውጡት ፍሬሙ ንቅንቅ አይልም። የቴምፕሌት ጥበብ ማለት በአጭሩ ይህች ናት፤ እኔ እጅ ስትገባ ግን ሌላ ነገር ትሆናለች።

ጀርባውን የቆየ ወረቀት አስመሰልኩት። ባለቤቴ ብቅ ብላ «ሻይ ፈሶበታል» አለች። ለየፍሬሙ ጥላ አበጀሁለት። ጥላ የሌለው ፎቶ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ «ቤት ይከራያል» ነው የሚመስለው፤ ጥላ ሲኖረው ከገጹ ብድግ ይላል። የኔን ጥላ ያየ ሰው ደግሞ ጣቱን ከሥሩ ሊያስገባ ይቃጣዋል። ምን ይደረግ፣ ድሮም ጥላዬ የከበደ ነኝ።

ቀጥሎ የመጣው ነው ቁም ነገሩ። ፍሬም ባዶውን አይተውም። ተጠቃሚው የት ላይ ምን እንደሚገባ እንዲያውቅ ማስመሰያ ፎቶ ይቀመጥበታል። ሌላው ባለሙያ ግራጫ ሣጥን ያስቀምጣል፤ ሰነፉ አበባ ያስቀምጣል። እኔ ራሴን አስቀመጥኩ። አንዱ ላይ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ አስባለሁ። አንዱ ላይ ክንዴን አጣምሬ ቆሜአለሁ። አንዱ ላይ ሩቅ አያለሁ፤ ምን እንደማይ እኔም አላውቅም፤ ግን ሩቅ ነው።

ዘመዶቼን ጠንቅቄ አውቃቸዋለሁ። በየገጹ የደረደርኩት ፍሬም የትኛውም ቤት ከሚያገኘው ደህና ፎቶ በቁጥር ይበልጣል። ሁሉንም የሚሞላ ትዕግሥት ደግሞ በዚያ ዘር ውስጥ አልተፈጠረም። ባዶ የሚቀረው ፍሬም ደግሞ ባዶ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ተመልሳ ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠለች።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ አንተ?»

«ማስመሰያ ነው። ይተካል።»

«ካልተካስ?»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

«ኧረ ተው! ቢያንስ ጻፍበት፣ ሰው እንዲያውቅ።»

ጻፍኩበት። በእያንዳንዱ ፎቶዬ ሥር፣ በሚያምር ፊደል «እኔን በሌላ ተኩ» የሚል አሰፈርኩ። ጽሑፉ ለብቻው ሌየር ነው። ገጾቹ ተሞልተው ወደኔ ሲመለሱ፣ ከጽሑፉ ጎን ያለችውን የዓይን ምልክት ጠቅ ሳደርጋት ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ጽሑፉ ድራሹ ይጠፋል። እኔ ብቻ ያለምንም መግለጫ፣ ግርማ ሞገሴን ይዤ እቀራለሁ። ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤት። እንዲህ ያለ እቅድ የጦር አካዳሚ ውስጥም አይሰጥም።

ፋይሉን ላክሁላቸው። በማግሥቱ ነርሷ ደወለች።

«ጋሼ፣ ልጄ ጺም አወጣች!»

«ምን?»

«ፎቶዋን ከተትኩት፤ ከውስጧ አንተ ትታየኛለህ። ጺምህ አገጯ ላይ ነው።»

ፎቶው እንዲሳሳ የሚያደርገውን ቁልፍ ነካክታው ኖሮ፣ ከሥር ያለሁት እኔ በልጅቷ ውስጥ አልፌ እታያለሁ። አስተካከልኩላት። እውነቱን ለመናገር ግን ልጅቷ ጺሙ አምሮባት ነበር።

ከዚያ ዝም ጭጭ። አንድም ገጽ አልተመለሰልኝም። ልደቱ ሲቃረብ ወደ ኮሚቴው ደወልኩ።

«ገጾቹስ?»

«አለቀ እኮ! ብዙ ደከምክ፣ ሸክምህን ላቅልልልህ ብዬ ሰብስቤ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ሰጠኋቸው። ተጠርዞ እቤት ገብቷል። እማማ ልደታቸው ቀን ነው የሚከፍቱት።»

«ጽሑፉስ?»

«የቱ ጽሑፍ?»

«ከኔ ሥር ያለው!»

«እ፣ እሱማ ያምራል። ትሕትና ነው ብለን ተውነው።»

በሕይወቴ ስለ ትሕትና ስሜ ሲነሳ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ወዲያው ዋጋ አስከፈለኝ።

የልደቱ ቀን ሳሎኑ ጢም ብሎ ነበር። አልበሙን ለማጥፋት ጠዋት በማለዳ መጥቼ መኝታ ቤት፣ ኮሪደር፣ የሶፋው ሥር ሳይቀር ፈልጌ ነበር። አማቴ ለካ ተቀምጠውበት ነው። ጋቢ አልብሰውት ትራስ መስሎኝ! ሁሉም ሰው ቦታ ቦታውን ሲይዝ ከሥራቸው አወጡት፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ቀይ እስክሪብቷቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አወረዱ። የሳቸው ንባብ እንዲህ ነው፤ የመድኃኒት ካርቶን ሲያነቡም ያርማሉ። ደግሞ ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት።

የመጀመሪያው ገጽ በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ላይ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ተገኘሁ።

«እኔን በሌላ ተኩ» ብለው አነበቡ።

ገለጡ። ክንዴን አጣምሬአለሁ።

«እኔን በሌላ ተኩ።»

ከጓዳ በኩል አንዱ በሳቅ ፍርፍር አለ። ገለጡ። ሩቅ እያየሁ ነው።

«እኔን በሌላ ተኩ።» መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ቀና አሉ። «ልጄ፣ ምነው እንዲህ ተማረርክ? እኔ ከሠርጋችሁ ቀን ጀምሮ ልለው አስቤ ሰው ፊት አፍሬ ነበር። አንተ ግን ደፋር ነህ።»

«እማማ፣ እሱ እኮ ማስመሰያ ነው!»

«ማስመሰልህንማ አውቃለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አማቴ ግን ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር የለም፤ ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

«አንቺ፣ ባልሽ በጽሑፍ ጠይቋል። ምን ትያለሽ?»

«ጥያቄው በየገጹ ስለቀረበ ቸል ማለት ይከብዳል» አለች ባለቤቴ፤ ትራስ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ትከሻዋ ይርገፈገፋል።

«እጩ አለ ወይ?» አለች ነርሷ።

«ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ይቋቋም» አለ ኮሚቴው። ይህን ያለው የምሩን ነው።

አማቴ እጃቸውን አነሱ። በቀይ እስክሪብቶ ከሥሬ ያለውን መስመር ነካ ነካ አደረጉት። «ይህ ትእዛዝ ነው። ትልቅ ሰው በሚያየው ነገር ላይ ትእዛዝ አይጻፍም» አሉና ከፊቱ «እባካችሁ» ጨመሩበት። ከዚያ አልበሙን ጭናቸው ላይ ዘግተው እኔን ብቻ አዩኝ። «አሁን በቁም ነገር ንገረኝ። ይህን ሁሉ ራስህን የደረደርከው ለምንድን ነው?»

ጥሩ ጥሩ መልስ ነበረኝ፤ ስለ ዓለም አቀፍ የዲዛይን አሠራር ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሌላ ነው።

«የመጨረሻው አልበም ነው ስላሉ ነዋ። እኔ አንዱም ላይ የለሁም።»

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ያልሳቀው። አማቴ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አንተ ሞኝ» አሉ። «ካሜራውን ያዝ የምልህ እኮ ሌላ ሰው ከያዘው ሁላችንንም ዓይን አስጨፍኖ ስለሚያነሳን ነው። እዚህ ቤት ካንተ በቀር ሙያውን የሚያውቅ የለም።»

«አልሰማሁም እማማ። ትንሽ ጮክ ይበሉ፤ ኮሚቴውም ይስማ።»

«ሰምተሃል! ያን ካሜራ ወዲህ በለው።»

ሰጠኋቸው። ባለቤቴን ሶፋው ላይ አስቀመጥኳት፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ እጄን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁ፤ ከረባቴን አቃናሁ፤ አገጬን ብርሃኑ ወዳለበት ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እንዲህ ያለ አቋቋም ሐውልት ሠሪዎች ቢያዩት ሥራ ባቆሙ ነበር።

«እማማ፣ መስኮቱን ከግራዎ ያድርጉት። ቁልፏን መጀመሪያ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚጫኗት። ትንፋሽዎን ያዝ ያድርጉና—»

«ጸጥ በል። የሚያወራ ተማሪ አልወድም።»

ቀጭ አደረጉት። አንዴ ብቻ። ካሜራውን መለሱልኝና ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

ሮጬ አየሁት። ባለቤቴ እንደ ጨረቃ ናት። ሶፋው እያንዳንዱ ክሩ ይታያል። ኮቴ፣ ከረባቴ፣ ትከሻዋ ላይ ያረፈችው እጄ፣ ሁሉም ልክ ነው። ፎቶው ግን የሸሚዜ ኮሌታ ላይ ሲደርስ አልቋል።

«እማማ፣ ጭንቅላቴ የለም!»

«አውቃለሁ። ዝም ሊል ስላልቻለ ትቼው ነው።»

ስንት ለመንኳቸው! ንቅንቅ አላሉም። አንዴ ያረሙትን ወረቀት ዳግም የሚያርሙ ሰው አይደሉም። በመጨረሻ ላፕቶፔን ከፍቼ ቴምፕሌቱን አወጣሁ፤ ያቺን ሩቅ የምታየዋን ፎቶዬን አስወግጄ እሳቸው ያነሱትን ከተትኩበት። ፍሬሙ ንቅንቅ አላለም፤ ጥላው ከበድ ብሎ ከሥሩ ወደቀ። ስቱዲዮዬ ወርጄ አተምኩትና አመጣሁላቸው። ራሳቸው ሙጫ ቀብተው ገጹ ላይ ለጠፉት፤ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ተጫን ተጫን አደረጉና «ገባህ» አሉኝ።

ገባሁ። ከአንገት በታች እንዲህ የተዋጣለት ሰው ደግሞ በዚያ መደርደሪያ ላይ፣ ድመቷን ጨምሮ፣ ሌላ የለም።