የጋሽ ክንዱ እሑድ

«የሕይወት ታሪኩን ስታነብ ሰው ሁሉ እንዴት ጸጥ ብሎ እንደሰማህ» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ ከጎናቸው ያለውን ወንበር በመዳፋቸው እየጠረጉ። «ና እዚህ ተቀመጥ። አንተ በር ላይ የምትቀመጥ ሰው ነህ?»

ጌትነት ከድንኳኑ አፍ ተነሥቶ መጣ። በር ላይ የተቀመጠው ሆን ብሎ ነበር፤ ከዚያ ሹልክ ብሎ ለመሄድ ይቀላል። ባለቤታቸው ጋሽ ክንዱ ከተቀበሩ ወዲህ እኒህ ሴትዮ ከወንድማቸው ሳይለዩ ያስጠጉታል። ለቅሶ ለሚደርሰው ሁሉ «የቤተ መጻሕፍቱ ጓደኛው» እያሉ ያስተዋውቁታል። እሱ ደግሞ በተመሰገነ ቁጥር አንገቱን ይደፋል፤ ሰዉ ሐዘን የጎዳው ይመስለዋል።

ሠልስቱ ነበር። ዓባይ ማዶ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራው ሰተት ብሎ ይገባል። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው ንፍሮውን እየዘገነ፣ አንዱ ስለ ቤንዚን ሰልፍ፣ ሌላው ስለ ልጁ ፈተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። የእድሩ ወንበር እንደ ልማዱ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ጌትነት ሲቀመጥበት ተንገዳገደ።

«ያቺን ‹በጤናቸው ምክንያት አገልግሎታቸውን በፈቃዳቸው አቆሙ› ያልሃትን ደግሞ ወደድኋት» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ። «ለእኔም እንዲያ ነው ያለኝ። ጉሮሮዬ ደከመ አለ። አንተ ብትለምነው ብትለምነው እምቢ እንዳለህ ነግሮኛል።»

ጌትነት ውኃ ለመነ። ሟቹን ለምኗቸው አያውቅም። ጋሽ ክንዱ ሚስታቸው ፊት የእሱን ስም እንዲህ አድርገው ማትረፋቸውን ገና አሁን መስማቱ ነበር፤ ከሁሉም የባሰበት ይኸ ሆነ።

ጋሽ ክንዱ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ማሽን ጩኸት መካከል የጨረሱ ሰው ነበሩ። እዚያ የኖረ ሰው ቀስ ብሎ ማውራት አይሆንለትም፤ እሳቸው «እንደምን አደርህ» ካሉ ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል። ጡረታ ሲወጡ የከተማውን ቤተ መጻሕፍት በሚደግፈው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ውስጥ ገቡ። ማኅበሩ መጽሐፍ ያሰባስባል፣ የተገነጠለውን ይጠርዛል፣ እሑድ እሑድ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው ስለማይገባ ቤቱን ራሱ ይከፍታል። ሊቀ መንበሩ ጌትነት ነው፤ በሥራው የቢሮ ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ሲዛነፍ የማይወድ። ጋሽ ክንዱ መርፌና ሙጫ ተሰጥቷቸው ጥቂት ከጠረዙ በኋላ ቀና አሉና ጠየቁ።

«ማንበብ ለሚችለው ነው የምንለፋው። ለማይችለውስ?»

መልስ ሳይጠብቁ በሚቀጥለው እሑድ የገበያ ሴቶችን፣ ዘበኞችን፣ ከሐይቁ ዳር የጀልባ ሠራተኞችን ሰብስበው አንድ ልብ ወለድ ጮክ ብለው ያነቡላቸው ጀመር። ሰዎቹ አፋቸውን ዘግተው የሚሰሙ ዓይነት አልነበሩም። ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ካለው ሰው ጋር ይጣላሉ። ጌትነት በመጀመሪያው ዓመት ኮርቶባቸው ነበር፤ ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ ይዞ ሄዶ ያሳያቸዋል።

ኋላ አዳራሹ ታደሰ። አዳዲስ ጠረጴዛ ገባ፣ ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች ሞሉት። ተማሪዎቹ በእኒያ ሰውዬ ጩኸት ማጥናት አልቻልንም ብለው አቤት አሉ፤ እውነታቸውንም ነበር። ከጓሮ ያለችውን ዕቃ ቤት አስጠርጎ ለጋሽ ክንዱ መስጠት ይቻል ነበር። ጌትነት አስቦበታል፤ እስኪጠረግ ብሎ ተወው። ሰውዬውን ፊት ለፊት «ይቁም» ማለት ደግሞ ይሉኝታ ያዘው። ስለዚህ ነገሩን ጋሽ ክንዱ ተዝካር ሄደው በቀሩበት ስብሰባ ላይ አነሣው፤ ንባቡ እንዲቆም ተወሰነ። ከተሰበሰቡት አንዱ ይነግራቸዋል ብሎ ዝም አለ። ሁሉም እንደ እሱ አስበው ኖሯል፤ የነገራቸው ሰው አልተገኘም።

እሑድ ሰዎቻቸውን አስከትለው መጡ። ገና ማንበብ ሲጀምሩ ጥበቃው ጠጋ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ አዲስ የተለጠፈውን «ጸጥታ ይከበር» በጣቱ አሳያቸው። «ማነው ያዘዘው?» አሉ። «ማኅበሩ» አለ። ጌትነት ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሞ ይሰማል። ብቅ ቢል ይበቃ ነበር። ጋሽ ክንዱ መጽሐፉን ዘጉና፣ እሱ እስከሚያውቃቸው ድረስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ፣ «ይቅርታ፣ ልጆች» ብለው ተማሪዎቹን እጅ ነሥተው ወጡ። ሰዎቻቸውም ተከትለዋቸው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ጌትነት ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ ሲል ጾሙ መጣ፣ ከጾሙ በኋላ ክረምቱ ገባ፣ ዛሬ ነገ ሲል የተደወለለት ስልክ የሞታቸውን ነገረው። የሕይወት ታሪኩን እንዲጽፍ የተመረጠውም እሱ ነው። ያቺን ‹በፈቃዳቸው አቆሙ› የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ አላመነታም፤ አሁን ያ ራሱ ያሳፍረዋል።

«አላህ ያጽናዎ፣ እትዬ» የሚል ድምፅ ከሐሳቡ መለሰው። ቅመም ነጋዴዋ ሀቢባ ናት፤ ከኋላዋ አንድ ዓይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌ በትራቸውን እያስቀደሙ ይከተሏታል። አያ ሀዲስ ናቸው፣ የድሮ የጀልባ ሠራተኛ። ሁለቱም የእሑዶቹ ሰዎች ነበሩ። ጌትነት በር ላይ አለመሆኑን ረገመው።

ሀቢባ አልቅሳ፣ ዓይኗን ጠርጋ ስትረጋጋ አየችው።

«አቶ ጌትነት፣ ሳልጠይቅዎ ብቀር ይቆጨኛል። ያቺ በታንኳ ያመለጠችው ሙሽራ መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

«የቷ ሙሽራ?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ።

«ጋሽ ክንዱ ሲያነቡልን መሐል ላይ የቀረችው ነዋ። ሰውዬው በጀልባ እየተከተላት፣ ደሴቱ ልትደርስ ስትል ነው እኮ የከለከሏቸው።»

«ማነው የከለከለው?»

ሀቢባ ነገር እንዳበላሸች ገባት። ወደ አያ ሀዲስ ዞረች፤ አያ ሀዲስ በትራቸውን ይደባብሳሉ። «እኔ እንጃ፣ እትዬ። ማኅበሩ ነው አሉ።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ወደ ጌትነት ዞሩ። «ማኅበሩ ማለት አንተ አይደለህ?»

የስብሰባ ውሳኔ ነው ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። እውነትም ውሳኔ ነበር። ግን ጋሽ ክንዱ እንዲያ ሸፍነውት ሄደው፣ እሱ አሁንም ከመደርደሪያ ጀርባ ሊቆም ነው?

«እኔ ነኝ» አለ። «እሳቸው በሌሉበት ያስወሰንሁት እኔ ነኝ። ለመንገርም ፈራሁ፤ ከጥበቃ አፍ ሰሙት። እዚያው ተደብቄ እያየሁ ነበር። ጉሮሮ የሚባል ነገር የለም፣ እትዬ። እኔም አልለመንኋቸውም።»

ንፍሮ የሚዘግነው እጅ ሁሉ ቆመ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ጉልበታቸውን መዳበስ ጀመሩ።

«ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ቀስ እያለ ነበር የሚያወራው» አሉ፣ ለእሱ ሳይሆን ለመሬቱ። «‹ምን ሆነህ ነው የምትንሾካሾክ› ስለው ይስቃል። እኔ ጉሮሮው ነው ብዬ ተልባ ስበጠብጥለት ከረምሁ።»

ጌትነት ተነሣ። «ልሂድ።»

«የት ነው የምትሄደው? መጽሐፉ አለ?»

«አለ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ።»

«ቁልፉስ?»

«እኔ ዘንድ ነው።»

«እንግዲያው አምጣና ጨርስላቸው። እኔም አንድ ቀን ሲያነብ ሰምቼው አላውቅም፤ እሑድ እሑድ እናቴን ሳስታምም።» ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። እሱም አልጠበቀ።

በባጃጅ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ጸጥ ካለው አዳራሽ መጽሐፉን አውጥቶ ሲመለስ የሄደ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ወሬው ደርሷቸው ከእሑዶቹ ሰዎች ሌሎችም ተጨምረዋል። ተቀመጠና ሙሽራይቱ ታንኳዋን ወደ ደሴቱ ከምትቀዝፍበት ጀመረ።

«አይሰማም» አሉ አያ ሀዲስ ከጥግ።

ትንሽ ከፍ አደረገው።

«ምንም አይሰማም። ጋሽ ክንዱ እንዲህ አይደለም ያነበቡልን።»

ጌትነት ከወንበሩ ብድግ ብሎ ቆመ። ዕድሜ ልኩን ጮኾ የማያውቅ ሰው ነው፤ ድምፁ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፣ ግን ማንበቡን አላቆመም። ጮኸ። አስፋልቱ ላይ አንድ የባጃጅ ነጂ ምን መጣ ብሎ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሰውዬው ጀልባውን እያስጠጋ ሙሽራይቱን «ተመለሽ» ሲላት፣ ሀቢባ ሐዘኑን ረስታ «እንዳትመለሽ» አለች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ፊታቸውን ወደ ጌትነት አላዞሩም። እጃቸውን ብቻ አነሡና ራሳቸውን የጠመጠሙበትን ጥቁር ሻሽ ከአንድ ጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉት።